አዲስ ሶፍትዌር ልማር ወይስ ባለኝ ልቀጥል? በግሉ ለሚያሳትም ደራሲ የንጽጽር መመሪያ

ድሬም ሆነ ሐረር መጽሐፉን በግሉ የሚያሳትም ሰው ብዙ ጊዜ ሁሉንም ሥራ ብቻውን ነው የሚሠራው። ይጽፋል፣ ይተይባል፣ ያርማል፣ ማተሚያ ቤት ደጅ ይጠናል፣ ከታተመ በኋላም መጽሐፉን ተሸክሞ ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ሐረር ይዞራል። እንዲህ ላለ ሰው «ይሄን ፕሮግራም ብትለምድ እኮ ግማሹ ሥራ ይቀልልሃል» የሚል ወሬ ቢጥመው አይገርምም። ግን ፕሮግራም መማርም ራሱ ሥራ ነው። ጊዜ ይበላል፣ ዳታ ይበላል፣ አንዳንዴ ዶላር ይበላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልትጽፉበት የነበረውን ሰዓት ይበላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙዎቻችሁ አዲስ ሶፍትዌር ከመፈለጋችሁ በፊት ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን ዎርድ በደንብ ብታውቁት ይሻላችኋል። አዲስ ፕሮግራም መማር ያለባቸው ደራሲዎችም አሉ፣ ወደ ታች እመጣባቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ሥራችሁ የቱ ጋ እንደሚይዛችሁ ለዩ። መጻፉ ነው የሚያስቸግራችሁ? የተጻፈውን ማደራጀቱ? ወይስ ለማተሚያ ቤት የሚሆን ገጽ ማዘጋጀቱ? ፕሮግራሞቹ እነዚህን ሦስቱን እኩል አይረዱም። አንዱ ጋ ጎበዝ የሆነው ሌላው ጋ ጭራሽ አያገለግልም።

ከምርጫው በፊት፦ ጽሑፋችሁ ዩኒኮድ ነው?

ይሄን ሳያጣራ ወደ ምርጫ የገባ ሰው በኋላ ብዙ ይደክማል። ዩኒኮድ ማለት ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት መንገድ የሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት ነው፤ የግዕዝ ፊደል እሱ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እኛ አገር የተተየበው አብዛኛው ጽሑፍ በአሮጌዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነበር። በነዚያ ፎንቶች ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ነው ላዩ ላይ የግዕዝ ቅርጽ የሚያለብሰው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ማንም የማያነበው የምልክት ክምር ይሆናል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከረቂቁ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው፣ ቀጥሉ። የተዘበራረቀ ነገር ከመጣ ግን ወደ ታች የማነሳቸው የመጻፊያ ፕሮግራሞች፣ ስክሪቭነርም ሆነ ጉግል ዶክስ፣ ምንም አያደርጉላችሁም። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፣ ከቀየሩት በኋላ ግን ገጽ በገጽ ማንበብ የግድ ነው፤ አንዳንድ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ በመሃል ሊዛባ ይችላል።

ባለው መቆየት፦ ዎርድ ወይም ሊብረኦፊስ

ዎርድን ሁላችንም እናውቀዋለን ብለን ነው የምናስበው። ደብዳቤ ጽፈንበታል፣ ማመልከቻ ጽፈንበታል። መጽሐፍ ሲሆን ግን አብዛኛው ሰው የምዕራፉን ርዕስ አጉልቶ፣ በኢንተር ወደ ታች እየገፋ፣ በስፔስ ወደ መሃል እያመጣ ነው የሚሠራው። ሁለት መቶ ገጽ እንዲህ ከተሠራ በኋላ አንድ ምዕራፍ ሲጨመር ሁሉም ይናዳል። ያኔ ነው «ዎርድ አይረባም፣ ሌላ ፕሮግራም አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው።

መድኃኒቱ ስታይል ነው፣ ለርዕስ ወይም ለአንቀጽ አንዴ ተወስኖ በስሙ የሚጠራ ቅርጽ ማለት ነው። የምዕራፍ ርዕሱን ምረጡና «ሄዲንግ 1» የሚለውን ተጫኑ። በቃ። ሁሉንም የምዕራፍ ርዕስ እንዲህ ካደረጋችሁ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ናቪጌሽን ፔን»ን ክፈቱ። ምዕራፎቻችሁ በግራ በኩል ተደርድረው ይመጣሉ። አንዱን በማውዝ ይዛችሁ ወደ ላይ ብትጎትቱት ምዕራፉ ከነሙሉ ገጾቹ ይንቀሳቀሳል። ማውጫውም ራሱን ችሎ ይወጣል፣ የገጽ ቁጥር በእጅ መቁጠር ይቀራል። የጽሑፉን ፎንት ወይም መጠን መቀየር ሲያስፈልግ ስታይሉ ላይ አንድ ጊዜ መቀየር ይበቃል። አንድ ሰው ይሄን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ሊማረው ይችላል፣ ያውም በድሬ ሙቀት።

ሁለተኛው ነገር ጽሑፍ ማጽዳት ነው። የአማርኛ ረቂቅ ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው «።» የሚለውን አንዱን ምልክት መጠቀም ትቶ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታ «፡፡» ይሠራል። ለዓይን ይመሳሰላል። ለኮምፒውተሩ ግን ፍጹም የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይገኝም፣ ገጽ ሲቀናበርም አንዳንዱ ሰፋ አንዳንዱ ጠበብ ብሎ ይወጣል። ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ። ላይኛው ሳጥን ውስጥ «፡፡»፣ ታችኛው ውስጥ «።» ጻፉና ሁሉንም ቀይር በሉት። ቀጥላችሁ ከአራት ነጥብ በፊት የገባውን ባዶ ቦታ አጥፉ፤ ላይ አንድ ስፔስና «።»፣ ታች «።» ብቻ። ይሄ ካልተደረገ አራት ነጥቡ ከዓረፍተ ነገሩ ተለይቶ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ቆሞ ታገኙታላችሁ። የታተመ መጽሐፍ ላይ እንደዚህ ያለ ነገር ሳይ የእውነት ነው የማዝነው፣ ምክንያቱም ያ ሰው ስንት ዓመት የለፋበት ጽሑፍ ነው።

በዚያው መንገድ የስሞችን አጻጻፍ አንድ አድርጉ። አንድ ረቂቅ ውስጥ «ሐረር»ም «ሀረር»ም፣ «ጸሐይ»ም «ፀሐይ»ም ይኖራል። ዎርድ እነዚህን እንደ አንድ አያያቸውም። የሰውና የቦታ ስሞቻችሁን በወረቀት ጻፉ፣ የቱን ፊደል እንደምትጠቀሙ ወስኑ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ፈልጋችሁ ቀይሩ። ይሄን ማንም ሶፍትዌር አይሠራላችሁም፣ የተገዛውም ቢሆን።

የመብራት መጥፋትም አለ። ዎርድ ሳይነኩት በየ10 ደቂቃው ነው ማገገሚያ ቅጂ የሚይዘው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ለሚጽፍ ሰው 10 ደቂቃ ብዙ ነው፤ ጥሩ የመጣች ገጽ የምትጠፋው በዚህች መሃል ነው። «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» የሚለው ጋ ገብታችሁ ወደ 1 ወይም 2 ደቂቃ አውርዱት።

ዎርድ የሚደክምበት ቦታ አለ፣ ልደብቀው አልፈልግም። የአማርኛ ቃል ይረዝማል። «እንደማያስፈልጋቸውም» ዓይነት ቃል መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ዎርድ አይከፍለውም፣ ሙሉውን ወደ ታች ይወረውረዋል። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ገጽ ከሆነ የቀሩት ሦስት አራት ቃላት መስመሩን ለመሙላት ይለጠጡና በመሃላቸው ጉድጓድ ይፈጠራል። ኤ5 ገጽ ጠባብ ስለሆነ፣ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ ጉድጓዱ ይባስ ይጎላል። አማርኛ ቃል ያለ ጭረት ከየትኛውም ፊደል ላይ ተከፍሎ ቢወርድ ችግር የለበትም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችንም እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ስለዚህ በመጨረሻው እርማት ላይ ጉድጓድ ያለበትን መስመር ፈልጋችሁ፣ ረጅሙ ቃል መሃል ላይ «ኖ ዊድዝ ኦፕሽናል ብሬክ» የሚባለውን የማይታይ ምልክት አስገቡ። ዎርድ ላይ «ሲምቦል» ውስጥ ልዩ ምልክቶች የሚለው ጋ አለ፣ ሊብረኦፊስም አለው። በእጅ የሚሠራ፣ አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ይሠራል።

ሊብረኦፊስ ከዎርድ ጋር ሲነጻጸር? ነፃ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ ነፃ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ስታይሉ እንዲያውም ከዎርድ የጠነከረ ነው። የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ ወደ ዎርድም ይመልሳል፣ በመመላለስ ግን ገጹ ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። ዎርዳችሁ የተሰበረ ቅጂ ከሆነና ቫይረስ እያስቸገራችሁ ከሆነ ወደ ሊብረኦፊስ መሻገር ከሁሉም ሽግግሮች ቀላሉ ነው። ዎርዳችሁ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ግን ለመሻገር ምክንያት የላችሁም።

ስልክና ጉግል ዶክስ

ላፕቶፕ የሌለው ደራሲ ብዙ ነው፣ ላፕቶፕ ይኑረኝ ብሎ መጻፍ የሚያቆም ሰው ሳይ ያናድደኛል። ስልክ ላይ ይጻፋል። ጉግል ዶክስ ነፃ ነው፣ ፋይሉን ኦፍላይን እንዲሆን ካደረጋችሁት ኔት ሳይኖርም ትጽፉበታላችሁ፣ ኔት ሲመጣ ራሱ ያስተካክላል። የድሮ ቅጂዎችን ስለሚያስቀምጥ የትናንቱን አንቀጽ ማግኘት ይቻላል። አርታኢ ካላችሁ ደግሞ ሐረር ያለው ጸሐፊና ድሬ ያለው አርታኢ አንድ ፋይል ላይ መሥራት ይችላሉ፤ አርታኢው «ሰጀስቲንግ» ላይ አድርጎ ያርማል፣ ጸሐፊው ይቀበላል ወይም ይጥላል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን በድምፅ መጻፉን ነው። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ላይ የጨመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ የዚህ ከተማ ግማሽ ታሪኩ በምድር ባቡር ሰዎች አፍ ላይ ነው ያለው፤ እነሱ ደግሞ አርጅተዋል። የባቡር ጡረተኛ የሆኑ አንድ አባት ትዝታቸውን ልጻፍ ሲሉ ልጃቸው ኮምፒውተር ሊያስተምራቸው ሞከረ። ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። «ጋሼ፣ ተዉት ኮምፒውተሩን፣ ስልኩን ይዘው ያውሩ» አልናቸው። ማውራቱ ላይማ ማን ያህላቸዋል! የጣቢያ ስም ሲጠሩና የለመዱትን የፈረንሳይኛ ቃል ጣል ሲያደርጉ ማሽኑ ይደነብራል፣ አራት ነጥብም አያስቀምጥላቸውም፤ ልጃቸው ማታ ማታ እያዳመጠ ያርመዋል። ለሳቸው ትክክለኛው ሶፍትዌር ይሄ ነው፣ ሌላ ምንም መማር አያስፈልጋቸውም።

ገደቡንም ልንገራችሁ። ፋይሉ እየረዘመ ሲሄድ ስልክ ላይ ይከብዳል፣ በምዕራፍ በምዕራፍ ከፋፍላችሁ ያዙት። ለማተሚያ ቤት የሚሆን ገጽም ከዚያ አይወጣም፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዎርድ ወይም ወደ ሊብረኦፊስ መምጣቱ አይቀርም።

ስክሪቭነር

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚጠይቀኝ እንምጣ። ስክሪቭነር ለደራሲ ተብሎ የተሠራ ነው። ለማክ በ2007፣ ለዊንዶውስ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጣ። መጽሐፉን በትንንሽ ቁራጭ ትጽፋላችሁ፣ ቁራጮቹን በካርድ መልክ ደርድራችሁ ታያላችሁ፣ ታገላብጣላችሁ። ማስታወሻ፣ ፎቶ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይቀመጣል። እጃችሁን ከኪቦርዱ ባነሳችሁ በሁለት ሰከንድ ሴቭ ያደርጋል፣ መብራት ለሚጠፋበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው 60 ዶላር ገደማ፣ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ። የ30 ቀን ነፃ ሙከራ አለው፣ እሱም የሚቆጥረው የከፈታችሁበትን ቀን ብቻ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጽፍ ሰው ወራት ይቆይበታል።

ለማን ይሆናል? ብዙ ሰው ያነጋገረ፣ ብዙ ሰነድ የሰበሰበ፣ የምዕራፉ ቅደም ተከተል ገና ያልለየለት ደራሲ። ስለ ጀጎል የሚጽፍ ሰው አስቡ። አምስቱ በሮች፣ የገበያዎቹ ታሪክ፣ የአዋቂዎች ቃለ መጠይቅ፣ የፎቶ ክምር። ይሄ ሁሉ አንድ የዎርድ ፋይል ውስጥ ሲገባ ያፍናል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ስክሪቭነርን መማር ዋጋ አለው እላለሁ፣ በሙሉ ልብ።

ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል የሚጽፍ ሰው ግን ይለፈው። የዎርዱ ናቪጌሽን ፔን ይበቃዋል። ሌላም አለ። ስክሪቭነር የአንድሮይድ ስልክ ላይ የለም፣ አይፎንና አይፓድ ላይ ብቻ ነው ያለው። ፋይሉ ደግሞ ፎልደር ነው፣ ውስጡ ብዙ ትንንሽ ፋይል አለ። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ወደ ፍላሽ የገለበጠ ሰው የተጎዳ ቅጂ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ይዘጋ፣ ከዚያ ሙሉው ፎልደር ይገልበጥ። ለአርታኢና ለማተሚያ ቤትም ያው ወደ ዎርድ አውጥታችሁ ነው የምትሰጡት። ካርዱም ነገር አለ፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ሁሉም ሰው እጅ የለም፣ ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገር ሊመጣ ይችላል።

ገጽ ማቀናበሪያ፦ ኢንዲዛይን፣ አፊኒቲ፣ ስክራይበስ፣ ወይስ ከፍሎ ማሠራት?

እዚህ ጋ ምርጫው በፕሮግራሞቹ መሃል ብቻ አይደለም። ሌይአውት፣ ማለትም የገጽ ቅንብር፣ ለሚሠራ ባለሙያ መክፈልም አንድ አማራጭ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥሩው አማራጭ እሱ ነው።

ኢንዲዛይን ማተሚያ ቤቶቹም ባለሙያዎቹም የሚያውቁት ፕሮግራም ነው። ከላይ ያነሳሁትን የመስመር ጉድጓድ በተመለከተ ከዎርድ በብዙ ይበልጣል፤ አንዱን መስመር ብቻ ለይቶ ከማየት ይልቅ የአንቀጹን መስመሮች በሙሉ አይቶ ነው ክፍተቱን የሚያከፋፍለው። ለኅትመት የሚሆን ቀለምም በትክክል ያወጣል። ግን በወር ከ20 ዶላር በላይ ነው፣ መክፈል ሲቆም ይዘጋል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ነው፣ እናንተው አስሉት። በሁለት ዓመት አንድ መጽሐፍ ለሚያወጣ ሰው አቦ ይሄ አይታሰብም። የተሰበረ ቅጂ እናስገባለን የምትሉም አላችሁ። እኔ አልመክርም። የሰው ሥራ በነፃ አይወሰድብን የምንል ደራሲዎች ነን፣ ከዚያም ሌላ ክራክ የተባለው ፋይል ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ያለቀ ረቂቅ ሊበላ ይችላል።

አፊኒቲ ለረጅም ጊዜ የሚሸጥ ፕሮግራም ነበር። ካንቫ በ2024 እ.ኤ.አ. ከገዛው በኋላ በ2025 መጨረሻ ነፃ ሆኗል፣ የካንቫ አካውንት መክፈት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዊንዶውስና ማክ ላይ ይሠራል። ፎቶ የበዛበት መጽሐፍ፣ የልጆች መጽሐፍ፣ ሽፋን፣ ለነዚህ መማር የሚፈልግ ሰው አሁን ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው። ስክራይበስም ነፃ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ሊኑክስ ላይም ይሄዳል፣ ሲጀምሩት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

የሐረር ጸሐፊዎች ለብቻ የሚያዩት ነገር አለ። ሐረርኛ በግዕዝም፣ በዓረብ ፊደልም፣ በላቲንም ሲጻፍ ኖሯል። አማርኛ መጽሐፍ ውስጥ ከድሮ የእጅ ጽሑፍ የተወሰደ የዓረብ ፊደል ጥቅስ የሚያስገባ ሰው ፕሮግራሙ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ መቻሉን ሳያይ እንዳይገባ። ዎርድና ሊብረኦፊስ ይሄን በደንብ ይችሉታል። ኢንዲዛይን በልዩ ቅንብር ይችላል። አፊኒቲ ለዓመታት ሳይችል የቆየ ነው። ፊደሉ ተበታትኖ ወይም ተገልብጦ ታትሞ ማየት ለአንባቢም ለጸሐፊም ያማል፣ ጥቅሱ ሃይማኖታዊ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እና ልማር ወይስ ልክፈል? ሥዕል የሌለው አንድ ልብ ወለድ ወይም አንድ የግጥም መድበል ከሆነ በስታይል በደንብ የተሠራ የዎርድ ፋይል በቂ ነው። ገጹን ኤ5 አድርጉ፣ የግራና የቀኝ ገጽ ኅዳግ እንዲገለባበጥ «ሚረር ማርጂንስ»ን ምረጡ፣ በስፌቱ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ፣ በፒዲኤፍ አውጡ። ሲወጣ «ፒዲኤፍ ኤ» የሚለውን አማራጭ ብትመርጡ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ማተሚያ ቤት የዎርድ ፋይል ብቻ ይዞ መሄድ አደገኛ ነው። እናንተ አቢሲኒካ በሚባለው የግዕዝ ፎንት የሠራችሁት እነሱ ጋ ፎንቱ ከሌለ በሌላ ፎንት ይከፈታል፣ የፊደሉ ስፋት ይለያያል፣ ገጹ ይሸራተታል፣ ማውጫው ይፈርሳል። በኦፍሴት ሲታተም ደግሞ ገጽ በብዛት በ16 ብዜት ስለሚታሰብ የገጽ ቁጥር መቀየር ሒሳቡን ራሱ ሊቀይረው ይችላል።

ፎቶና ሠንጠረዥ የበዛበት አንድ መጽሐፍ ከሆነ ክፈሉ። ለአንድ መጽሐፍ ብሎ ሌይአውት መማር አያዋጣም፣ ባለሙያው የሚጠይቀው ገንዘብ ስንት ሌሊት እንደሚያድን አስቡት።

ተከታታይ መጽሐፍ የሚያወጣ፣ በየዓመቱ የሚያሳትም፣ ወይም የጓደኞቹንም ልሥራላቸው የሚል ሰው ግን ይማር። ትልቁ ምክንያት እርማት ነው። ሐረር የሚኖር ደራሲ ድሬ ካለ ሌይአውት ሠሪ ጋር ሲሠራ ትንሿን ስህተት ለማሳረም ደንገጎን ወርዶ፣ ሰውየው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ «እዚህ ጋ፣ አዎ፣ እሷን» እያለ ማሳየት አለበት። በቴሌግራም ይላካል ትሉኛላችሁ። ይላካል፣ ግን «ገጽ 84 ሦስተኛው መስመር» ብላችሁ የላካችሁት እነሱ ጋ ሲታረም ሌላው ይበላሻል፣ ገጹም ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። ራሱ የሚችል ሰው ማታ ቤቱ ሆኖ ያርመዋል። ይሄ ነፃነት ከገንዘቡ በላይ ነው።

የላፕቶፕ ጉዳይም እዚህ ይነሳል። ኢንዲዛይንና አፊኒቲ ከባድ ናቸው። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ አራት ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ዎርድ ከፍቶም ይጮሃል። ከባድ ሥራ ለንጋት ወይም ለሌሊት ይቆይ፣ ካልሆነም ቀለል ያለውን ምረጡ።

ኢ-መጽሐፍ

አጭር ነው የማወራው። ብዙ ሰው አማዞን ላይ ልሸጥ ብሎ የኪንድል፣ የአማዞን ኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ፕሮግራሞችን መማር ይጀምራል። የአማዞን ኬዲፒ፣ ደራሲ በግሉ የሚያሳትምበት አገልግሎቱ፣ ለኢ-መጽሐፍ በሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሆነ ተማሩት፤ ለአማርኛ ግን ዝርዝሩ እስኪቀየር ጊዜያችሁን አታባክኑበት። ውጭ አገር ላለ አንባቢ በቀጥታ የምትልኩት ኢፐብ፣ የኢ-መጽሐፍ ፋይል ማለት ነው፣ ከፈለጋችሁ ካሊበር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከዎርድ ፋይል ይሠራላችኋል። ሄዲንግ በስታይል የተሠራ ፋይል ከሆነ ምዕራፎቹን ራሱ ይለያቸዋል፣ ካልሆነ መጽሐፉ አንድ ረጅም ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል። የግዕዙን ፎንት አብሮ ማስገባት እንዳይረሳ፤ አንዳንድ ማንበቢያ ላይ ያለ ፎንት ባዶ ሳጥን ነው የሚታየው።

ልሞክር ላላችሁ

ሙሉ መጽሐፋችሁን ይዛችሁ አትግቡ። አንድ ምዕራፍ ቅዱ፣ ያውም አስቸጋሪውን። ረጃጅም የአማርኛ ቃላት፣ የኦሮምኛ ወይም የሶማሊኛ ስሞች በላቲን፣ ካላችሁ የዓረብኛ ጥቅስ፣ አንድ የግርጌ ማስታወሻ፣ አንድ ፎቶ ይኑርበት። አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ አስገቡት፣ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፣ አንድ ክፍል አዛውሩ፣ ኔቱን አጥፍታችሁ ሥሩበት። ከዚያ ወደ ዎርድም ወደ ፒዲኤፍም አውጡና ፎንታችሁ የሌለበት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። «።» እና «፤» ቦታቸው ላይ አሉ? የግርጌ ማስታወሻው አብሮ መጣ? ፊደሉ ያው ነው? ይሄን ካላለፈ የቀረው ጥሩ ነገሩ ምንም አይጠቅማችሁም።

ሌላው የማየው ነገር ደግሞ፣ ስትቸገሩ ማን ትጠይቃላችሁ የሚለው ነው። ኢንዲዛይን የሚያውቅ ሰው ድሬ ውስጥ ማተሚያ ቤቶች አካባቢ አይጠፋም። ዎርድማ ጎረቤት ይችለዋል። ስክሪቭነርን ወይም ስክራይበስን የሚያውቅ ሰው ግን በቀላሉ ላታገኙ ትችላላችሁ፣ ያኔ ቪዲዮ ማየት ይመጣል፣ ዳታችሁም ይሄዳል። ቪዲዮ ከማየት ይልቅ መመሪያውን በጽሑፍ አውርዳችሁ ኦፍላይን ማንበብ ይቀላል፤ ስክሪቭነር ውስጡ የተዘጋጀ መለማመጃ አለው።

ፈተናውን ካለፈ፣ ሽግግሩን በሁለት መጽሐፍ መሃል አድርጉት። የተጀመረው ረቂቅ በተጀመረበት ፕሮግራም ይጨረስ። ቀጣዩን በአዲሱ ጀምሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን በየሳምንቱ ሥራችሁን ወደ ዎርድ እያወጣችሁ ፍላሽ ላይም ኢሜይል ላይም አስቀምጡ፣ አዲሱ ፕሮግራም ባይስማማችሁ የጻፋችሁት ሁሉ በእጃችሁ እንዲቀር።